«ውጣ» ያለው ማን ነው?

አመለወርቅ በአርባ ምንጭ የአንድ መስኖ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነበረች። በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ የውኃ ተራው በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚሰማው ከእርሷ መስኮት ነው። መዝገቡን የምትገልጠው ለደንቡ ያህል ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያገላበጠችው ዝርዝር ከአፏ አይጠፋም። ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ ቀና ሳትል፣ «ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት። ቀጥል!» ትለዋለች። ይህ ዕውቀት ሀብቷም ማዕረጓም ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትርሐስ የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ኮምፒዩተር ይዛ መጣች። የሠራችው ዛሬ ድረ ገጽ የምንለውን ዓይነት ነገር ነው፤ የኢንተርኔት መስመር ገና ስላልተዘረጋ ግን ገጾቹ ከዚያ ሣጥን አይወጡም። ገበሬው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ማውሱን ይዞ የሰፈሩን ስም ይጫናል፤ ተራው ይታየዋል። ኃላፊው አቶ ሰይፈሥላሴ የሁለት ሳምንት ሙከራ አዘዙ። ገበሬው ያለ ረዳት ከተጠቀመበት መስኮቱ ይዘጋል፤ አመለወርቅም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች።

ቅናት እንደ ብል ነው፤ ጨርቁን የሚበላው ተጣጥፎ በተቀመጠበት ነው። አመለወርቅንም ውስጥ ውስጧን ይበላት ጀመር። የትርሐስን ለስላሳ ድምፅ ጠላች፤ የጣቶቿን ፍጥነት ጠላች፤ ከሁሉ ይልቅ ለገባው ገበሬ ሁሉ ከመቀመጫዋ ብድግ ማለቷን ጠላች።

በአራተኛው ቀን ትርሐስ ማስታወሻዋን እያየች፣ «አቶ ሰይፈሥላሴ፣ አንድ ነገር ገርሞኛል» አለች። «ወንዶቹ በግማሽ ደቂቃ ይነሣሉ፤ ሴቶቹ ግን ይቆያሉ።»

«ወንዶቹ ፊደል የቆጠሩ ናቸዋ! ፈጥነው ጨረሱ ማለት ቀለላቸው ማለት ነው» አሉ ኃላፊው፣ ደስ እያላቸው።

አመለወርቅ ይህን ከመስኮቷ ሰማች። በምሳ ሰዓት ከግቢው ስትወጣ የሙዝ አልሚዋ ዓለሚቱ በር ላይ ቆማ ብቻዋን ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጎረቤቴ ጋሻዬ ነዋ! ገና ሲቀመጥ ሣጥኑ ‹ውጣ› አለው። በቀይ፣ በትልቁ። ኮፍያውን አንሥቶ እብስ!»

«አንቺስ?»

«እኔን መች ‹ውጪ› አለኝ? ያባረረው ወንዱን ነው። እኔ ተደላድዬ ተራዬን አየሁ።»

«የእሱንስ አታዪለትም ነበር?»

«ከሣጥን የተጣላ ሽማግሌ እኔ ላስታርቅ?»

አመለወርቅ ወዲያው ገባት። ትርሐስ ገጹን መዝጊያ ብላ ከላይ ያኖረችውን ቃል ገበሬው እንደ ትእዛዝ አንብቦታል። ወንዶቹ ጨርሰው ሳይሆን ተባርረው ነበር የሚወጡት። ነገሩን እንደ ከረሜላ ከምላሷ ሥር ደበቀችው። ሙከራው በሚገመገምበት ቀን፣ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ትርሐስ ስትመሰገን ልታወጣው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጋሻዬ ራሱ መጥቶ መስኮቷ ላይ ቆመ። ከጫማው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ተራው ቅዳሜ አልፎበት ነበር፤ የተከላቸው የሙዝ ችግኞች ጠውልገዋል።

«አባባ ጋሻዬ፣ ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?»

«አባራችሁኝ ምኑን ልጠይቅ? ስሜን ሰርዘሽ ነው ብዬ ቤቴ ተቀመጥሁ።»

«እኔ ለምን እሰርዝዎታለሁ? ሣጥኑን የሠራችው ሌላ ሰው ናት እኮ።»

«እሷማ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ» አለ ሽማግሌው በእርጋታ። «‹ውጣ› የሚለው አነጋገር ያንቺ መሰለኝ።»

አመለወርቅ መዝገቡን ከፈተች፤ ፊደሉ አልታይ አላት። ቀጣዩን ተራ ነግራ ሸኘችው፤ ከዚያም ወደ ትርሐስ ሄደች። መሄዱ መራራ ነበር።

«‹ውጣ› ስላልሽ ነው የሚወጡት» አለቻት በደረቁ።

ትርሐስ ስክሪኑን አየች፤ ፊቷ ቀላ። «‹ይውጡ› ልበለው?»

«በትሕትናም ማባረር ማባረር ነው። ‹ጨርሻለሁ› በይው። ሰውየው ራሱ ይናገር።»

በግምገማው ቀን ወንዱም ሴቱም ተራውን አይቶ ይነሣ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ሲያመሰግኗት ትርሐስ ቀድማ፣ «ቃሉን ያገኘችው አመለወርቅ ናት» አለች። አመለወርቅ ይህን ደግሞ ከሁሉ አስበልጣ ጠላችው፤ ሴትየዋ በቸርነት እንኳ ቀድማታለች።

መስኮቱ ተዘጋ። አመለወርቅ ግን ግምጃ ቤት አልወረደችም፤ ገበሬው የት እንደሚደናቀፍ እያየች ቃላቱን እንድታርም ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣት። በመጀመሪያው ቀን ጋሻዬ ተራውን አይቶ «ጨርሻለሁ»ን ተጫነና ወደ ትርሐስ ዞሮ፣ «ተባረኪ ልጄ!» አላት። ቃሉ የአመለወርቅ፣ ምርቃቱ የትርሐስ።

አመለወርቅ ከንፈሯን ነከሰች። ቀጣዩ ገበሬ በሩን ሲገፋ ግን ከትርሐስ ቀድማ ብድግ አለች።