ጋሽ ከማል የተቀቡት ቅባት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከኒዳ ወንዝ ዳር ክንዷን እያከከች መጣች። ጃንጥላ የመሰለ ነጭ አበባ ያለውን፣ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ የሚያቃጥለውን ረጅም ተክል ሰብራ እንደ ዋሽንት ልትነፋው ኖሯል። በሳሙና አጠብኳት፣ መጋረጃውን ዘጋሁና አጃ በካልሲ ቋጥሬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። የረጠበው አጃ ሽታ መታጠቢያ ቤቱን ሲሞላው ጋሽ ከማል ትዝ አሉኝ። ልጄ ፊት እንባዬ መጣ።

ጋሽ ከማል ቦናመስ ሰፈር ሳለን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ከተማው ሌላ ጫፍ ዚንድሊንገን ድረስ እየተመላለሱ የኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኞች ቱታ የሚታጠብበት ላውንደሪ ይሠራሉ። አሥር ዓመቴ ላይ ያው ተክል እኔንም ለብልቦኝ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አገኙኝ። እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። መጀመሪያ ውሃ፣ ለቅሶው ይደርሳል አሉ። ሰዓታቸውን ፈተው ክንዴን ሩብ ሰዓት ሙሉ ቧንቧ ሥር ያዙት። ልብሴን እንደዚያ እንደ ቱታው በፌስታል ቋጥረው ለብቻው አጠቡት። ከዚያ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ አጃውን በካልሲ ይዘው መጡ። ጋሽ ከማል እርጥቡን ካልሲ ክንዴ ላይ ቀስ እያሉ ያሳርፋሉ፤ እንዳላክ ጥፍሬን ከረከሙት፤ ፀሐይ እንዳያየኝም ሰኔ ወር ላይ ረጅም እጅጌ አስለበሱኝ። እኔ ስነጫነጭ እሳቸው ይስቃሉ። አቤት ትዕግሥታቸው!

በዓመቱ ማሳከክ በእሳቸው መጣ። ሽፍታ የለ፣ ቁስል የለ፣ እንዲያው ሲያክኩ ይውላሉ። አጃውንም ሞከሩት፣ ጠብ አላለላቸውም። የቆዳ ሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሲያገኙ ጀርመንኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። በዚያ ሕንፃ የአዋቂው ሁሉ ደብዳቤና ሕመም በእኛ በልጆች አፍ ነበር የሚያልፈው። የዚያን ቀን ግን የክፍሌ ልጅ ልደት ነበር፤ መሃል ከተማ ኢነንሽታት ቀጥረውኛል፣ ልቤ እዚያ ነው።

ሐኪሟ ማታ ማታ ያልባቸው እንደሆነ ጠየቀች። ቀጥላም ክብደት ቀንሰው እንደሆነ ጠየቀች። ዞር ብዬ እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሁለቱንም ጊዜ የለም ለማለት "ናይን" አልኩ። ጋሽ ከማል ቀና ብለው አዩኝ። ሐኪሟ ቅባት ጻፈችላቸው። ኬኩ ሳያልቅብሽ ሩጪ ብለው የምድር ባቡሩ ኡባን ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ።

የበረዶው ክረምት ሲገባ ሆስፒታል ተኙ። ካንሰር ነበር፤ ለካ ማሳከኩም የሌሊቱ ላብም የእሱ ነው። ወራት ቀደም ብሎ ታውቆ ቢሆን ይሻል ነበር ብለው ሐኪሞቹ ለእትዬ ዘሃራ ሲነግሯቸው ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። ያኔስ አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ጋሽ ከማል በጋውን አላዩም።

ይህንን ለእናቴም ለባሌም ሳልነግር ኖርኩ። ልጄ ክንዷ ተሽሏታል፣ እሷ ረስታዋለች፤ እኔ ግን መተኛት አቃተኝና እሑድ ቦናመስ ሄጄ ለእትዬ ዘሃራ ሁሉንም ተናገርኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እናውቃለን፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ጥያቄው ባይገባውም ሳትጠይቂው መመለስሽ ገብቶታል። በማግስቱ ሌላ ሰው ይዘን እንመለስ ብዬ ብነግረው እምቢ አለ። ሌላ ሰው ከገባ የልጅቷ ነገር ይወጣል፣ እናቷም ትመታታለች፤ እስቲ መጀመሪያ ቅባቱን ልየው አለኝ።"

ምንም የማይረባውን ያንን ቅባት ጠዋትና ማታ አራት ወር ተቀቡት።