ጀፎረው ላይ የተተከሉት ችካሎች

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከቸሃ ወደ ወልቂጤ እኛ ቤት የመጡት አታት ሆስፒታል ታክመው ከወጡ በኋላ ነው። ባለቤቴ አንድ ልጃቸው ነው፤ አገር ቤት ብቻቸውን ቢወድቁ የሚያነሳቸው የለም። ከተማው ግን አልተስማማቸውም። ከበር ብቅ ሲሉ ባጃጁ ያዋክባቸዋል፣ ሰላም የሚሉትም ሰው ያጣሉ። "ልጄ፣ እዚህ ሰው የሚገናኘው የት ነው?" ይሉኛል። አንድ ቀን ልብሳቸውን በፌስታል አስረው በሩ ጥግ አስቀመጡና "እሁድ እሄዳለሁ" አሉ። በአፌ እሺ አልኩ፤ እንዲሄዱ ግን አልፈለግሁም።

እኔ ማዘጋጃ ቤት ፕላን እነድፋለሁ። ያኔ የከተማው በሆነ ባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ሰፈር እያወጣን ነበር፤ ከታች ሱቅና ዳቦ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ፣ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም በእግር የሚደረስበት። ወላጆቼ ከጎጃም ለማስተማር የመጡ ናቸው፣ እኔ እዚሁ ነው ያደግሁት። ያም ሆኖ የባለቤቴን መንደር ጀፎረ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ እየተያዩ፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው። ማንም አያርሰው፣ ማንም አያጥረው። የሰፈራችንን መሃል እንደዚያ ነደፍኩት። "ይኼ ሁሉ መሬት ለእግረኛ?" ካለኝ አለቃዬ ጋር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተጨቃጭቄ ነው ያጸደቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴን ወስጄ ሜዳውን አሳየኋቸው። "አባባ፣ ይኼ ጀፎረ ነው። መኪና አይገባበትም።" በከዘራቸው ሣሩን ነካ ነካ አድርገው ወደ ቤት ዞሩ። አልጣማቸውም ብዬ ከፋኝ።

እሳቸውን ቤት አድርሼ ወደ ጉዳዬ ከሄድኩ በኋላ የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ የመሃል መስመሩን በችካል ምልክት አድርጎ ምሳ ወጣ። ሲመለስ አንድም ችካል የለም። ደውሎ ጮኸብኝ፣ እኔም ጮህኩበት። ደሜ ፈልቶ፣ የትኛው ሌባ ማገዶ አደረገው እያልኩ ስራገም ውዬ ማምሻውን ቤት ደረስኩ። አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ችካሎቹ በቃጫ ታስረው እግራቸው ሥር አሉ።

"አባባ! ምን አደረጉ?"

"ጀፎረ ነው አላልሽኝም? ደግሜ ልየው ብዬ ብሄድ አንዱ ባለጌ መሃሉ ላይ ችካል ደርድሮበታል። ሊያጥረው ነዋ! እኛ አገር ያየ ሰው ዝም አይልም፣ ይነቅላል።"

"ኧረ በስመአብ! የኛው ቀያሽ እኮ ነው!"

ልቆጣ ስል ሳቅ ቀደመኝ። "በዚያ ጉልበትዎ ብቻዎን እንዴት ደረሱ?"

"እየጠየቅሁ ነዋ። አንዷ ሻይ ሻጭ ወንበር ሰጠችኝ፣ አንዱ የአገሬ ሰው መንገዱን አሻገረኝ። ስንጫወት መሸብኝ።" ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ? ፊታቸው በርቷል።

ቀያሹ ችካሎቹን ሊወስድ ሲመጣ እሱኑ መልሰው ተቆጡት። "ዳር ዳሩን ትከል!" አሉት። እየሳቀ ተሸክሞ ሄደ።

እሁድ ጠዋት ስነሳ ፌስታሉ በሩ ጥግ የለም። ክው አልኩ። ሳልሰናበታቸው ሄዱ ብዬ ወደ ክፍላቸው ሮጥኩ። ልብሳቸው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

"ነይ፣ እንሂድ" አሉኝ። "ያ ልጅ መሃሉ ላይ መልሶ እንዳይተክል። እኔ አገሬ ከገባሁ ማን ይጠብቀዋል?"

ከዘራቸውን አቀበልኳቸው።