የበላቸው የመስኮት ብረት

በላቸው ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብረት ይበይዳል። ተወልዶ ያደገው ኮሶዬ ነው፤ ሙያውን የለመደው ግን ከተማ ወርዶ ነው። ሰው ማገትና ቤት ሰብሮ መዝረፍ ሲበዛ ሥራው ጨመረ። አጥሩ ላይ እሾህ ሽቦ የሚያስጠመጥመው፣ የእንጨት በሩን በላሜራ የሚያስቀይረው፣ መስኮቱን በብረት ፍርግርግ የሚያሳጥረው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። «የበላቸውን ብረት ሌባ አይነቀንቀውም» ይባልለት ነበር።

ሚስቱ የትነበርሽ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ጎረቤት የተዘረፈ ሰሞን፣ «የሰው ቤት ስታጥር ትውላለህ፤ የእኛን ምነው ረሳኸው?» አለችው። በማግስቱ ወፍራም ብረት መርጦ ለመስኮቶቻቸው ፍርግርግ ሠራ፤ ጫፍ ጫፉን ግድግዳው ውስጥ ቀብሮ በሲሚንቶ ደፈነው። የትነበርሽ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችውና ሳቀች። «አሁን ሸጋ እንቅልፍ እተኛለሁ» አለች።

በጥቅምት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በላቸው አንድ ደንበኛ ግቢ በር ሲተክል ጎረቤቱ ምንይችል ደወለለት።

«ቤትህ እየነደደ ነው። የትነበርሽ ውስጥ ናት፤ መቁረጫህን ይዘህ ድረስ።»

መቁረጫውን ታቅፎ በባጃጅ ደረሰ። እሳቱ በበሩ በኩል ካለው ሶኬት ተነሥቶ የተቆለለውን ጨርቅ ይዞ መውጫውን ዘግቶታል። የሰፈሩ ሰው መስኮቱን በገመድ ጎትቷል፣ ግድግዳውን በዶማ ቆፍሯል፤ ብረቱ ግን አልነቃነቅ ብሏል። በሰፈሩ መብራት ስለተቋረጠ መቁረጫውም አልሠራም። በላቸው የእጅ መጋዝ ተቀብሎ መገዝገዝ ጀመረ። ከውስጥ ድምፅ አልነበረም። ሰዎች አቅፈው እስኪወስዱት ድረስ ገዘገዘ።

ምንይችል ቆይቶ ነው የነገረው። «በፍርግርጉ በኩል እጇን ይዣት ነበር» አለው። «‹እሱን ጥሩልኝ፣ እሱ ይከፍተዋል› ነበር የምትለኝ።»

አርባዋ እንደወጣ በላቸው ወደ ተቃጠለው ቤት ተመልሶ ፍርግርጎቹን በሙሉ ቆርጦ ጣላቸው። ከዚያ ኮሶዬ፣ እህቱ እናኑ ቤት ገባ። ወደ ሥራው የተመለሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ወይንሸት የምትባል ነርስ መጣች። «ለልጆቼ መኝታ ቤት ነው፤ ጠንከር አድርገው ይሥሩልኝ» አለችው።

«ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚከፈት ነው የምሠራው።»

«መስታወቱን ሰብሮ እጁን የሚያስገባ ሌባስ?»

«ከውጭ እጅ በማይደርስበት አደርገዋለሁ። ካልሆነ ሌላ ሰው ያሠሩ።»

ወይንሸት ቅር ብሏት ስትወጣ፣ ከበላቸው ጋር የሥራ ቤቱን የሚጋራው አወቀ ተከትሎ የሆነውን ነገራት። ተመልሳ ገባች። «እንዳሉት ይሁን» አለችው፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።

ፍርግርጉን ገጥሞ ሲጨርስ ልጆቹን ጠርቶ አስከፈታቸው። ለትንሿ መቀርቀሪያው ጠነከረባት። ፈትቶ ሞረደው፣ ዘይት ቀባው፤ እንደገና ሞከረች። ሲከፈትላት አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ሳቀች። በላቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ። ወይንሸት ልጆቹን ይዛ ወጣችለት።

ዛሬም ከሥራ በኋላ ኮሶዬ ይወጣል። የደጋው ብርድ ብርቱ ነው፤ እሱ ግን በሩ ተቀርቅሮ መተኛት አይችልም። እናኑ ጠዋት ስትነሣ በሩ ገርበብ ብሎ ታገኘዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣው ነበር። አሁን ሌላ ጋቢ ትደርብለታለች።