አጎቴ ትንሽ ይቆይ

አጎቴ ቦራይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ሴራሚክ የሚጋገርበት ምድጃ ተቆጣጣሪ ነው። እኔ የቦራይዱን ጥቁር ዱቄት ጨምቄ ሳህን አደርግና እሰጠዋለሁ። እሱ ሁለት ሺህ ዲግሪ ውስጥ ያስገባዋል፤ ዱቄቱ ሳይቀልጥ እርስ በርሱ ሲያያዝና በመካከሉ ያለው ቀዳዳ ሲደፈን ምድጃውን ያጠፋል። ማለቴ፣ ማጥፋት ነበረበት። የመመሪያው ወረቀት አንድ ሰዓት ካለ "ትንሽ ይቆይ" ብሎ ሁለት ያደርገዋል። ስሙም በዚያው ቀረ፤ እናቴ እንኳ የገዛ ወንድሟን በሌላ ስም አትጠራውም።

ቤትም ያው ነው። ሸሚዝ ሲተኩስ ያሳርራል፤ እንቁላል ሲቀቅል ውሃው ያልቃል። እጮኛውንማ ስምንት ዓመት አቆይቷታል። እሷ እዚያው ፋብሪካ የጥንካሬ መርማሪ ናት፤ እሱ የሠራውን በማሽን ትሰብራለች። በጣም እወዳታለሁ፤ ትዕግሥቷ ግን ያናድደኛል።

ዘንድሮ ሳህኖቹ የሚፈለገውን ጭነት ሳይችሉ በላይ በላዩ ተሰበሩ። አለቃችን አንድ ሳህን እንኳ እንደዚያ ከተሰበረ አጎቴን ወደ መጋዘን እንደሚያዛውረው ነገረው። አጎቴ ያለ ምድጃው መኖር አይችልም፤ እህል አልቀምስ አለ። ታዲያ የመጣለት መላ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሌላ አንድ ሰዓት መጨመር።

እጮኛው ይህን ስትሰማ ክንዱን ይዛ የተሰበረ ሳህን ቁራጭ ያስቀመጠችበት ማይክሮስኮፕ ላይ ደፋችው።

"እየው። በሰዓቱ ብታጠፋው ኖሮ ቅንጣቶቹ ደቃቅ እንደሆኑ ተያይዘው ይቀሩ ነበር። ስታቆያቸው ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየዋጡ አበጡ። ስንጥቅ እንዲህ ያለውን በቀላሉ ያልፈዋል። ይጠነክራል ስትል ያደከምከው አንተ ነህ።"

አጎቴ ዓይኑን ሳያነሳ ስምንት ዓመት ምን ያህል እንደሚያሳብጥ ጠየቃት። እሷ የምታውቀው ስለ ሳህን ብቻ መሆኑን ነገረችው።

ቀጣዩን ሳህን ሲያስገባ፣ መቆጣጠሪያው ላይ ሰዓት እንዳይጨምር ሁለት እጁ ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ተነሣና አጠፋው። አላመንኩም፤ ሄጄ ማብሪያውን አየሁት።

በማግስቱ ሳህኑ ማሽኑ ላይ ወጣ። የመለኪያው መርፌ የተፈለገውን ጭነት አለፈ፣ አሁንም አለፈ። በመጨረሻ ሲሰበር አለቃችን አጨበጨበ። አጎቴ ግን ወደ እጮኛው ዞሮ ነበር።

"እንጋባ። አሁኑኑ ማዘጋጃ ቤት እንሂድ።"

"ትንሽ ይቆይ" አለችው፤ "አንድ ሳህን ቀርቶኛል።"

አንድ ሳህን መመርመር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። አጎቴ ሃያውንም ደቂቃ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰው ማቆየት እንዲህ ክፉ ነገር መሆኑን እስከዛሬ ለምን እንዳልነገርነው ሲወቅሰን ነበር።