የእህቴ ባል መስማት የተማረ ጊዜ

የታናሽ እህቴን ባል ስቀየመው ኖሬ ዘንድሮ አሳዘነኝ። ያዘንኩለትም እየተናደድኩ ነው።

ሰውዬው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነው። እዚያ የሽመና ማሽኖቹ ሲጮኹ ሰው የገዛ ድምፁን አይሰማም፤ ስለዚህ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። ሁለት ጣት ከተነሳ ክር ተበጥሷል። መዳፍ ከተነሳ ደግሞ «አይቻለሁ፣ ቆይ፣ እመጣለሁ» ማለት ነው።

ይኼን መዳፉን ቤትም ይዞት ገባላችሁ! እህቴ «ስማኝማ» ስትለው መዳፉን ያነሳና ዜናውን ያያል። እመጣለሁ ማለቱ ነው እንግዲህ፤ መጥቶ ግን አያውቅም። «አንተ ሰውዬ፣ እህቴ ማሽን ናት እንዴ?» ብለው ለእኔም መዳፉን አነሳልኝ። ደሜ ፈላ።

ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ልጅ እንቢ ብሏቸው ስንት ዘመን ቆይተው፣ እህቴ አረገዘች። ከክሊኒክ በርራ መጥታ በር ላይ ጠበቀችው። «አንድ ነገር ልንገርህ» ስትለው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መዳፉ ተነሳ። ሆዷ ባሰ። ነገ እነግረዋለሁ አለች፤ ነገም ያው ሆነ። እንዲህ ስትል በሦስተኛው ሳምንት፣ ፅንሱ ገና የስድስት ሳምንት ሆኖ ወረደ። ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። «እትዬ ሙች፣ እንዳትነግሪው» ብላ አስማለችኝ። ወገቧን አሟት ነው አልነው፤ አመነ።

አምና አንዲት አዲስ ሠራተኛ እጇን ማሽኑ ሲይዝባት ጮኸች፣ ሌላውን እጇንም አወዛወዘችለት። እሱም ከሩቅ አይቷት፣ ክር ተበጥሶባት መስሎት፣ መዳፉን አነሳላት። ሁለት ጣቷን አጣች።

ፋብሪካው የአምስት ቀን ስልጠና ላከው። ሰው ሲያናግርህ አጠገቡ ሂድ፣ ፊቱን እይ፣ የነገረህን በአፍህ መልሰህ ንገረው ተባለ። ስንቱ ስልጠና ሄዶ ሻይና ኬክ በልቶ ይመለሳል! እሱ ግን የምሩን ተማረ። የልጅቷ ቤት ሄዶ ስድቧን እስከ መጨረሻው ሰማ። «እየጠራሁህ አልመጣህልኝም ነው የምትይኝ» አላት። ሠራተኞቹም አለቃችን ሰው ሆነ አሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ቤት ነበርኩ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ በርጩማ ሳበና እህቴ ፊት ተቀመጠ።

«ብዙ ጊዜ ልትነግሪኝ ስትይ አልሰማሁሽም» አላት። «አሁን ንገሪኝ። እስክትጨርሺ አልነሳም።»

ንገሪው በቃ፣ የኔ እናት፣ አልኩ በሆዴ።

እህቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችው። ምነው በተቆጣች! ቁጣ ቢኖርባት ደስ ባለኝ።

«የምነግርህ ነገር የለኝም» አለች።

«የድሮም ቢሆን።»

«የድሮውን ለእትዬ ነግሬ ጨርሻለሁ።»

እንደተማረው ፊቷን እያየ መለሰላት። «ለእትዬ ነግሬ ጨርሻለሁ ነው የምትይኝ።»

«አዎ» አለችና ሌላ ሸሚዝ አነሳች።

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ምን ነበር?»

ለካስ እኔም ሳዳምጣት የኖርኩት የሱን ድርሻ እየወሰድኩ ነው! እንዳልነግረው መሐላ አለብኝ። «እኔን አትጠይቀኝ» ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ሰው ለስድስት ሳምንት አባት ሆኖ እንደነበር ዛሬም አያውቅም።