ሰሊጥ ለማራገፍ የተቀጠሩት ዶክተር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር፣ ሰሊጥ በሚራገፍበት ሰሞን፣ እዚሁ መተማ፣ ሸሕዲ ከተማ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ ክፍል ውስጥም ልሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ብቻዬን እስቃለሁ። እናቴ «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ማለት ስለጀመረች ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህራችን ቲቸር ሙሉቀን አንድ ቀን እየተፍነከነከ ገባና «ትልቅ እንግዳ ሊመጣልን ነው!» አለን። እንግዳው እሱን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የፖለቲካ ሳይንስ ዶክተር ናቸው። እሳቸው ብዙ ዓመት የለፉት እስያን ሲያጠኑ ነው። እስያ ውስጥ ክልሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚፎካከሩ፣ አፈሩም ዝናቡም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ክልል ሲያድግ ጎረቤቱ ለምን ቁጭ ብሎ እንደሚቀር ነው የሚመራመሩት። ቲቸር ለምኗቸው ለምኗቸው፣ ለኛ ትምህርት ቤት ሊናገሩ እሺ አሉ።

መድረክ ላይ የማስተዋውቃቸው ደግሞ ማን መሰላችሁ? እኔ!

ርእሰ መምህራችን መጀመሪያ «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ይሁን፤ የሷ ድምፅ እንኳን አዳራሽ ሊሞላ ለራሷም አይሰማትም» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው። ድሮ ስም ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትልልኝ ጓደኛዬ ነበረች። ዘንድሮ ግን ሚኒ ሚዲያ ላይ የራሴን ጽሑፍ አንብቤ ተጨብጭቦልኛል፤ ጭብጨባ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፣ አንዴ ከቀመሱት አይለቅም። ቲቸር ሙሉቀን ሽንጡን ገትሮ ተከራከረልኝ። ርእሰ መምህሩም በመጨረሻ «እሺ። ግን እንግዳው ስምንት ሰዓት ላይ መድረክ ላይ ካልተገኘ፣ አንቺ ሁለተኛ ማይክ አትነኪም» አሉኝ።

በቃ፣ የኔ ነገር ሁሉ በዚያች ስምንት ሰዓት ላይ ተንጠለጠለ።

ጠዋት ዩኒፎርሜን ተኩሼ መናኸሪያ ሄድኩ። ከጎንደር የሚመጣውን ሚኒባስ ጠብቄ እንግዳውን እንድቀበል ነው የተላክሁት። ዶክተር ሲባል መቼም ሱፍ፣ ከረባትና ትንሽ ቦርጭ ነው የታየኝ።

ከመናኸሪያው አጠገብ የቀን ሠራተኞች የሚቀጠሩበት ቦታ አለ። በመኸር ሰሞን ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው የመጣው ሰው ሻንጣውን ከፊቱ አድርጎ እዚያ ይደረደራል። የኛ አገር ቅጥር ወሬ አያበዛም። ካቦው፣ ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ፣ ይመጣና ሻንጣህን አንስቶ ትራክተሩ ተሳቢ ላይ ይወረውረዋል። ሻንጣህ ከወጣ ተቀጥረሃል፤ ተከትለኸው መውጣት ነው።

ሠራተኞቹ መሀል አንድ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሸሚዛቸው ክርናቸው ላይ የተቀደደ ሰውዬ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ሚኒባሱ ሲገባ ስለከለሉኝ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ ትልቅ ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልኳቸው።

«ይቅርታ የኔ ልጅ» ብለው ጠጋ አሉ።

ወዲያው አንድ ካቦ መጡና ሻንጣ እያነሱ መወርወር ጀመሩ። የባለባርኔጣውንም ጥቁር ሻንጣ አንጠልጥለው ወረወሩት። ሰውዬው «ኧረ ቀስ! ኮምፒውተር አለበት!» እያሉ ተከትለውት ተሳቢው ላይ ዘለሉ። ትራክተሩ ተነሳ። ሰውዬው ዩኒፎርሜን እያዩ ሁለት እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔም «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!» ብዬ አውለበለብኩላቸው። ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ እጄን አላወረድኩም።

ሚኒባስ መጣ፣ ሚኒባስ ሄደ፤ ሱፍ የለበሰ ሰው የለም። ቲቸር ሙሉቀን ጨንቆት በሞተር ሳይክሉ መጣና ደወለላቸው። ስልኩ ውስጥ የትራክተር ድምፅ ተንደቀደቀ።

«ሙሉቀን፣ ቀደም ብዬ ደርሻለሁ!» አሉ ዶክተሩ። «ግን ተቀጥሬያለሁ!»

ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

«ቲቸር» አልኩት፣ «ዶክተሩ ምን ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሱት?»

«እሳቸው? ልብስ መች ያውቃሉ! የገለባ ባርኔጣ ብቻ አይለያቸውም።»

ትራክተሩ የሄደበትን አቅጣጫ በጣቴ አሳየሁት።

የቀሩትን ሠራተኞች ስንጠይቅ ትራክተሩ የባለእርሻው የአያ ፈንታ እንደሆነ ነገሩን። ሞተሩ ላይ ወጥተን አቧራ እየጠጣን እርሻው ደረስን። ገና ሳንወርድ የአያ ፈንታ ጩኸት ተቀበለን። አያ ፈንታ ሱዳን ብዙ ስለሠሩ ሲናደዱ አረብኛ ይቀላቅላሉ።

«ያ ዞል! አንተ ሰውዬ! ነዶውን አቅናው! አቅናው ብዬሃለሁ!»

ሰሊጥ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ነው የሚደርቀው። ሲደርቅ የፍሬው አፍ ይከፈታል። ከዚያ ነዶውን እንደ ሕፃን ቀጥ አድርገህ አቅፈህ እስከ ሸራው ትወስደዋለህ። የሚዘቀዘቀውና የሚራገፈው ሸራው ላይ ብቻ ነው። ይህን እኛ ዘንድ ገና አፉን ያልፈታ ልጅም ያውቀዋል።

ዶክተሩ ግን ነዶውን እንደ ማገዶ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ጫፉን ወደ ኋላ ደፍተው፣ ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር እየተጫወቱ ይመጣሉ። ከክምሩ እስከ ሸራው ድረስ ከኋላቸው ነጭ የሰሊጥ መስመር ተሰምሯል። ሸራው ጋ ሲደርሱ እጃቸው ላይ የቀረው ጭራሮ ነው።

«ሰውዬ፣ ሰሊጡን መልሰህ ልትዘራው ነው የመጣኸው?» አሉ አያ ፈንታ።

«አያ ፈንታ፣ ተሳስተዋል! እሳቸው እኮ ዶክተር ናቸው!» አለ ቲቸር።

«ነግሮኛል እኮ! ታዲያ ምን ላድርገው? አምና ኢንጂነር ነበረኝ፤ እሱስ ነዶ መያዝ ይችል ነበር።»

ዶክተሩ ግን ፊታቸው በደስታ አብርቷል። «ሙሉቀን! እስያ ውስጥ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ ገበሬ ማሳ ውስጥ የሚያስገባኝ አጥቻለሁ። እዚህ ሳልጠይቅ ቀጠሩኝ!»

እኔ ግን ልቅሶ ሊያመልጠኝ ደርሷል። «ዶክተር፣ ስምንት ሰዓት ላይ መድረክ ላይ ካልወጡ እኔ አለቀልኝ!»

ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «አንቺ! አድኚኝ ስልሽ ቻው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የመተማ መሬት ደግሞ በጋ ሲገባ ስለሚሰነጠቅ ብዙም አልቀራት።

አያ ፈንታ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «የትም አይሄድም። መጀመሪያ ያፈሰሰውን ይልቀም።»

ለቀማ ጀመርን። ዶክተሩ፣ ቲቸርና እኔ፣ በተኮስኩት ዩኒፎርም ተንበርክከን! ሰሊጥ ከስንጥቅ መሬት ውስጥ ለቅማችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንዱ ጎጃሜ «ዶክተር፣ በደንብ ጎንበስ ይበሉ እንጂ፤ ጥናቱ እኮ መሬት ላይ ነው ያለው!» ይላል። የወሎው ልጅ «ኧረ ተዋቸው ወንድሜ፣ ሰውዬው ደግ ናቸው፤ ለጉንዳን ነው የዘሩት» ይላል። ዶክተሩ ከሁሉም በላይ ይስቃሉ። እኔ ብቻ ፀሐይዋን እያየሁ አለቅሳለሁም እስቃለሁም።

በመጨረሻ አያ ፈንታም ሳቃቸው አሸነፋቸው። «በሉ ተነሱ፤ የቀረው ለወፍ ይሁን» አሉ። ወደ ሞተሩ ስንሮጥ ጎማውን እሾህ ወግቶት ተንፍሷል። ይህን ጊዜ የምር አለቀስኩ። አያ ፈንታ አዩኝና «አታልቅሺ ልጄ» ብለው ትራክተሩን አስነሱ። «እኔ አደርሳችኋለሁ። እስያን እኔም ልስማት።»

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ትራክተር በትምህርት ቤቱ በር ገባ። ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ አዳራሹ በር ላይ ቆመዋል። እንግዳው ማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው መጀመሪያ የጨበጡት አያ ፈንታን ነው። «እንኳን ደህና መጡ ዶክተር!» አያ ፈንታም ደስ ብሏቸው «እንኳን ደህና ቆያችሁ» አሉ።

መድረክ ላይ ወጣሁ። ማይኩን ያዝኩ። ያጠናሁት መግቢያ ጥርግ ብሎ ጠፍቷል። «የተከበራችሁ...» ብዬ አንገቴን ደፋ ሳደርግ ከፀጉሬ ሰሊጥ ማይኩ ላይ ኮሽ ኮሽ ብሎ ወረደ። የምናገረው ነገር ስላጣሁ እውነቱን ተናገርኩ።

«እንግዳችን ዶክተር ናቸው። በትራክተር የመጣነው፣ ጠዋት ተቀጥረው ስለነበር ነው።»

የሳቁን ነገር አልነግራችሁም። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማን ያቁመኝ! ማውለብለቤን፣ ነጩን መስመር፣ ለቀማውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፄ ከአዳራሹ ጀርባ ደርሶ ሲመለስ ለራሴ ተሰማኝ። ርእሰ መምህሩ በመሐረብ እንባቸውን እየጠረጉ «በይ አሁን ማይኩን ለዶክተሩ ስጪ» እስኪሉኝ ድረስ አለቀቅሁም።

ዶክተሩም ጥሩ ተናገሩ። እስያ ውስጥ ስላዩዋቸው ሁለት ጎረቤት ክልሎች ነገሩን። የአንደኛው ሹማምንት ሕዝቡን ጠይቀው መንገዱንም ፋብሪካውንም ሥራ ፈላጊው ያለበት ወሰዱት፤ የሌላኛው ግን የመጣላቸውን ሁሉ መንገድ ላይ አባከኑት። «ልማት ማለት እንደ ሰሊጥ ነዶ ነው» አሉ። «ቀጥ አድርጋችሁ ካልያዛችሁት ሸራው ጋ ሳትደርሱ ያልቃል።»

አያ ፈንታ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው የኔን ሰሊጥ የጨረስከው?»

ጥያቄና መልሱ በዚያው ተዘጋ፤ ከሳቁ ብዛት መቀጠል የሚችል ሰው አልነበረም።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር በወጉ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ ያጠናኋትን መግቢያ አነብንቤ እወርድ ነበር፤ ማንም አያስታውሰኝም። አሁን ግን ገበያ ስወጣ የማላውቀው ሰው ሁሉ «እስኪ የዶክተሩን ነገር ንገሪን» ይለኛል። እኔም አልግደረደርም፤ ቆሜ እነግራለሁ። ታሪኩ በነገርኩት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይረዝማል እንጂ እውነት ነው፤ ካላመናችሁ አያ ፈንታን ጠይቁ፤ የሳቸው ደግሞ ከኔም ይረዝማል።