የ«ፈጣም» ምክትል አዛዥ

እህተ ማርያም ጆንያ ሰፊ ናት። ቡሬ ላይ፣ ከነቀምት መገንጠያው አጠገብ ባለ የእህል መጋዘን በር ተቀምጣ፣ ወዛደሮች ሞልተው የሚያቆሙላትን የበቆሎ ጆንያ በረጅም መርፌና በሲባጎ አፉን ትዘጋለች። ከደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት ማዶ ተድራ የመጣች ሰሞን ሥራውን የጀመረችው ለአንድ በጋ ብላ ነበር። ያ በጋ እስካሁን አላለቀም። ባሏ ሀብተሚካኤል የዚያው መጋዘን ዘበኛ ነው። በአንድ በር ሲውሉ ቃል ሳይለዋወጡ ይመሻል፤ ተጣልተው ሳይሆን የሚባባሉት ስላለቀ ነው።

ከወለዷቸው ያደገላቸው ይታገሱ ብቻ ነው። ከጓደኛው ከወንዳወቅ ጋር ሞባይል ይጠግን ነበር። ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝበት በነቀምት መንገድ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ወጣ። «እንደ ደረስሁ እደውላለሁ። ደግሞ እኔን ስትጠብቂ ምሳሽን እንዳትተይ» አላት። መኪናው ሄደ። መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። ኋላ መንገዱም ተከፈተ፣ ኔትወርኩም መጣ። የይታገሱ ስልክ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። ከዚያ ዕንባው ራሱ ሰለቸው መሰል፣ ተዋት። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ ሥራ ይዟል» ትላለች፣ የበቆሎ ዋጋ እንደ ተጠየቀች ሁሉ። እጇ ይሠራል፣ አፏ ይበላል። ውስጧ ግን ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ ክንድ ሆኗል፤ ቢነኩት አይሰማም።

አምና ጥቅምት ላይ ወንዳወቅ ወደ መጋዘኑ መጣ። ፊቷ ቆሞ ጸጉሩን አከከ።

«እትየ እህተ፣ የማኅበራችን ተራ ይታገሱ ዘንድ ደርሶ ነበር። እናልፈዋለን። እንዲያው ሳልነግርዎት እንዳልቀር ብየ ነው።»

እህተ ማርያም መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች። ልጇ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወዴት ይጠፋ እንደ ነበር ገና አሁን ገባት።

«ምን ያለ ነውር ነው የምታወራ? የማኅበር ተራ ይታለፋል? እሱ ባይኖር እኔ የለሁም?»

«ኧረ እትየ፣ የኛ ማኅበር እንኳ...»

«ስንት ናችሁ?»

«ከይታገሱ ጋር አራት።»

«አራት ሰው ደግሞ ማኅበር ነኝ ይላል! ይሁን። እሑድ ኑ።»

በአገሩ ወግ ማኅበርተኛ ቢርቅ ወይ ቢሞት ቤተሰቡ በእግሩ ይተካል፤ ጽዋው አይቋረጥም። እህተ ማርያምም ወጉን አደረሰች። ድፎ ዳቦ ደፋች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦውን እንዲባርኩ የንስሐ አባቷን ጠራች። እሑድ ሦስቱ መጡ፤ ወንዳወቅ፣ የጤና ጣቢያ ነርሷ ሰብለ፣ ባጃጅ ነጂው ያረጋል። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ጠላቸውንም አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ጠየቁ።

«ለመሆኑ የማን ጽዋ ነው? የመድኃኔ ዓለም ነው የጊዮርጊስ?»

ሦስቱ ተያዩ። ያረጋል አላስቻለውም። «የሠራዊት ነው፣ አባ።»

«ሠራዊተ መላእክት? የሚካኤል ነው በለኛ!»

«የለም፣ አባ፤ የመርከብ ሠራዊት ነው። ከኮከብ ኮከብ የሚሄድ።»

ወንዳወቅ እያላበው አስረዳ። ጨዋታ ነው። ይታገሱ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶት በራሳቸው ወግ ለወጠው። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ሰው ይሆናሉ። ጊዜው ገና ያልመጣ ጊዜ ነው፤ በጠፈር የሚዋጋ ጦር አለ፣ እያንዳንዳቸው የዚያ ጦር መርከብ አዛዥ ናቸው። የሚናገሩት ይሳካ አይሳካ እንደሆን ስድስት ፊት ያላት ባለነጠብጣብ ጠጠር ጥለው ያውቃሉ።

ቄሱ ሰሙ። «እኔ እንግዲህ የተማርሁት የኖኅን መርከብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዳቦውን እንደሆነ አንዴ ባርኬዋለሁ፤ ምን ላድርገው።» ጠላቸውን ጨርሰው፣ መስቀል አሳልመው ሄዱ።

እህተ ማርያም አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «የልጄ መርከብ የትኛዋ ናት?» አለች።

መርከቦቹን በአገራቸው ወንዞች ነበር የሰየሟቸው። የያረጋል «ተምጫ» መድፍ የጫነች ናት። የሰብለ «ላህ» ቀድማ ሄዳ የጠላትን ቦታ የምትሰልል ፈጣን መርከብ ናት። የይታገሱ «ፈጣም» ግን ጦሩ ከነጋዴ የገዛት አሮጌ የጭነት መርከብ ነበረች፤ ለወታደሩ ስንቅ ታደርሳለች፣ ስትመለስ ቁስለኛ ታነሳለች።

«ምነው መሣሪያ የሌላትን መረጠ?»

«ሁሉም ሲተኩስ ምሳ የሚያመላልስ አንድ ሰው ይኑር ብሎ ነው» አለ ወንዳወቅ።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣና ሳይደርስ ተመለሰ። «እንግዲያ እኔ እይዝለታለሁ። ግን በአደራ ነው። አዛዡ እሱ ነው፣ እኔ ምክትል ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ተራ አልፏት፣ እሑድ ቀርታ አታውቅም። ሌሎቹ ስለ ጦርነቱ ሲጯጯሁ እሷ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። «ፈጣምስ ምን ታደርጋለች?» ሲሏት «አዛዡ ተኝቷል። ስንቁን እኔ አድላለሁ» ትላለች። ይታገሱ ራሱ ያወጣው ደንብ ነበር፤ አዛዥ ሲታመም ወይ ሲተኛ ምክትሉ መርከቧን ይጠብቃል እንጂ ከቦታዋ አያስነሳም። መርከቧ የምትነሳው በአዛዡ ድምፅ ነው። ምክትሉ አዛዥ የሚሆነው አዛዡ ሞቷል ተብሎ ሲታወጅ ብቻ ነው። እናም «ፈጣም» ከአንድ ዓመት በላይ ባንዲት በረዷማ ጨረቃ ላይ ቆመች። ወንዳወቅ ታሪኩን ሁሉ መርከቧ መነሳት እንዳይኖርባት እያጠማዘዘ ይተርክ ነበር። ማንም አልነገራትም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ በነቀምት በኩል የተመለሰ ነጋዴ ወሬ ይዞ መጣ። ይታገሱ የተሳፈረባት መኪና መንገድ ላይ ቀርታለች፤ ተርፎ የታየ ሰው የለም አለ። ሽማግሌዎች ሀብተሚካኤልን ጠሩት። የልጁ ነፍስ ያለ ፍትሐትና ያለ ተዝካር አትቅር፤ መርዶው ይነገር አሉት። ሀብተሚካኤል ራት ላይ ሳይደብቅ ነገራት።

«እኔ አምኛለሁ፣ እህተ። አንች ካላልሽ ግን አላስለቅስም።»

«እኔ አላልሁም።»

«አላልሽም።»

በዚያው ቀረ። ወፍጮ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊያለቅስ የእሷን አንድ ቃል ይጠብቃል። ቃሉን ካወጣችው ልጇ ሞተ፤ ካላወጣችው መንገድ ላይ ነው።

የካቲት ላይ ተራው የሰብለ ነበር። ወንዳወቅ እንደ ወትሮው ጨዋታውን ከ«ፈጣም» ርቆ ጀመረ። ያረጋል ግን አላስቀመጠው።

«ተምጫን ይዤ የጠላትን ምሽግ ልመታ ነው።»

«ብቻህን?» አለችው ሰብለ። «አንተ እኮ ባጃጁንም ያለ ፍሬን ነው የምትነዳ።»

«ፍሬን የፈሪ ነው።»

«ያረጋል፣ እስኪ ደግመህ አስብ» አለ ወንዳወቅ።

«አስቤ ጨርሻለሁ። ጠጠሩን አምጣ!»

ጠጠሯ ተንከባልላ አንድ ነጠብጣብ አሳየች። በነሱ ደንብ ከዚያ የከፋ የለም። ወንዳወቅ ጠጠሯን ትንሽ አያት፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነውን ተረከ። ተምጫ ተመትታ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ጠላትም እሷን ተከትሎ «ፈጣም» ወዳለችበት ጨረቃ መጣ። ጦሩ በሙሉ እንዲያፈገፍግ ታዘዘ። ጨረቃዋ ላይ ግን የቁስለኞች ድንኳን አለ። ያን ሁሉ ቁስለኛ የሚችል ሆድ ያላት «ፈጣም» ብቻ ናት።

ያረጋል አንገቱን ደፋ።

«ጠጠሩ ይደገም» አለ ወንዳወቅ። «ተራኪው እኔ ነኝ፣ ሥልጣን አለኝ።»

«የወደቀ ጠጠር ወድቋል» አለች እህተ ማርያም።

«እትየ፣ ቁስለኞቹ እኮ የሉም» አለች ሰብለ ክንዷን ይዛ። «ተረት ናቸው።»

እህተ ማርያም ወደ ወንዳወቅ ዞረች። «እናት አላቸው?»

ወንዳወቅ መልሱን እንደ ተራኪ መስጠት ነበረበት። «አላቸው።»

«የት እንዳሉ ያውቃሉ፣ እናቶቻቸው?»

«አያውቁም። ከጨረቃዋ ወሬ አይወጣም።»

ራሷን ነቀነቀች። ጠላዋን አንድ ጊዜ ጠጣች፣ ጣሳውን አስቀመጠች። «ይግቡ እንግዲህ። ሁሉንም ጫኗቸው» አለች።

«እትየ... መርከቧ እንድትነሳ...»

«አውቃለሁ። አዛዡ ሞቷል።»

የሰብለ እጅ ክንዷ ላይ ደረቀ። ወንዳወቅ ሊጠይቅ የሚገባውን ጠየቀ። «የት ሞተ ልበል?»

«በመንገድ በል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ያረጋል፣ ብድግ ብሎ። ወንዳወቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰብለ «እግዜር ያጥናዎት» አለችና፣ ያለችው ምን እንደሆነ ሲገባት አፏን ያዘች። እህተ ማርያም የማታውቀውን ሰው እንደምታስተዛዝን አየቻቸው፤ ወንዳወቅንም ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ «ጠጠሩን ስጡኝ» አለች። ወረወረችው። አራት ወጣላት። «ፈጣም» አንድ ጎኗ ቆስሎ፣ ሆዷን ሞልታ ወጣች። ያረጋል ሊያጨበጭብ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ደረሰች። ሀብተሚካኤል ደጃፍ ተቀምጦ ለማታው ጥበቃ ባትሪውን ይሞክራል።

«ሀብቴ፣ ለዕድሩ ንገር» አለችው።

ባትሪውን አጠፋ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ምን ሰማሽ?»

«የሰማሁት የለም። እኔው አልሁ፣ በቃ።»

ሀብተሚካኤል ባትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ወጉ እንዲህ አይደለም፣ እህተ። መርዶ ለእናት በማለዳ ነው የሚነገር። ሰዎች ይመጣሉ፣ የሚይዙሽ ሴቶች ይኖራሉ...»

«ይምጡ። ይንገሩኝ። እንዳልሰማ ሆኜ እቀበላቸዋለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። «እንግዲያ ነገ ጠዋት?»

«ነገ ገበያ ነው፣ ሰው አይገኝም። ማክሰኞ ይሁን።»

ጋቢውን ደረበና ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደ። አጥሩን አልፎ ትንሽ እንደ ተራመደ ቆመ፤ ወደ ኋላ ሳይዞር መንገዱን ቀጠለ። እህተ ማርያም ወደ ቤት ገባች። ለቀስተኛ ሲመጣ ቦታው ይጠብባል። ሳጥኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋች፣ መደቡን ጠረገች። የይታገሱን አልጋ ወደ ጓዳ ስትገፋው እግሩ ወለሉን ጫረ። ቆማ ጠበቀች፤ አንድ ነገር ይመጣ እንደሆነ። ምንም አልመጣም። ጎንበስ ብላ ደግማ ገፋች።